ማግኔቱና የደዶ ልጅ ጉሮሮ

ብሎክና ፐርሴል እ.ኤ.አ. በ1946 ለየብቻቸው የደረሱበት የማግኔት ሬዞናንስ ዛሬ ደረት ሳይከፈት፣ ያለ ራጅ ጨረር፣ የደምን ፍሰት ይለካል፤ ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥም የተጎዳውን የልብ ሥጋ ከጤነኛው ይለያል። እኛም ተደንቀናል፤ መሣሪያውን ለጅማ እንመኛለን።

ነገር ግን የደዶ ልጅ የልብ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከወዴት ይጀምራል? ከጉሮሮ! በስትሬፕቶኮከስ የታመመ ጉሮሮ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት ሊከተል፣ የልብ ቫልቭም ሊበላሽ ይችላል። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ያስቀራል። በገጠራችን ግን ልጁ «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ ለቆራጭ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። (ከእኛስ ስንቶቻችን ተቆርጠናል?)

ስለዚህ የሕክምና ተማሪዎች በዚህ ክረምት ስለ ማግኔቱ ከመከራከራችን በፊት ደዶ ወርደን እናቶችን ስለ ጉሮሮ ሕመም እናነጋግር እንላለን። መምህራኖቻችንስ አብረውን ይወርዳሉን?