ካቆመ በኋላ ለምን ባሰበት?

አንዲት እናት ሰሞኑን አግኝተውኝ፣ «ልጄ ጋንጃውን ካቆመ ዐሥር ቀኑ ነው፤ ግን ይኸው ባሰበት» አሉኝ። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ምግብ አያሰኘውም፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል። አባቱ «ደብቆ እያጨሰ ነው» ብለው ኪሱን መፈተሽ ጀምረዋል። ልጁም «ካላመናችሁኝ ለምን ተውኩት?» እያለ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ የማጨስ ሳይሆኑ የማቆም ምልክቶች ናቸው። በየቀኑ ሲያጨስ የቆየ ሰው ሲያቆም በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይጀምሩታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታሉ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። የእንቅልፍ ችግሩና ቅዠቱ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። መርሳትና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልም ለሳምንታት ስለሚቆይ በትምህርቱ አታጣድፉት።

ለአባቶች አንድ ነገር ልጨምር። የካናቢስ ንጥረ ነገር በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው። ብዙ ያጨስ የነበረ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም በሽንት ምርመራ ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ በአንድ የምርመራ ወረቀት ብቻ «ዋሸኸን» አትበሉት።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርበት። ማታ በተወሰነ ሰዓት ይተኛ፤ ጠዋት አብሮት የሚሄድ ሰው ተገኝቶ በእግሩ ይንቀሳቀስ። እንጀራው አልወርድ ካለው አጥሚት ወይም ሾርባ በትንሽ በትንሹ ስጡት። «ከጋንጃው ይሻላል» ብላችሁ ጫትና መጠጥ በዝምታ አትለፉ፤ ጫት የጠፋውን እንቅልፍ ጨርሶ ይነሣዋል። አያቶችም ጉዳዩን የዕድርና የማኅበር ወሬ አታድርጉት፤ ኀፍረት ልጁን ወደ ድሮ ጓደኞቹ ይመልሰዋል።

ሌሎች የማይሰሙት ድምፅ የሚሰማው፣ «ሰዎች ሊገድሉኝ ነው» የሚል፣ ወይም ስለ መሞት የሚያወራ ከሆነ ግን «ያልፍለታል» ብላችሁ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ሌሎቻችሁም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ዛሬውኑ ውሰዱት። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱት፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን አታስቋርጡት።

እኚያን እናት ስሸኛቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገመው፦ ነገ ጠዋት «አጨስክ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት፣ «ሌሊቱን እንዴት አደርክ?» በሉት።