መዘምራኑ ወደ እርሻቸው እንዳይሸሹ

በነህምያ ዘመን በኢየሩሳሌም አንድ የሚያሳዝን ነገር ሆኖ ነበር። ለሌዋውያንና ለመዘምራን የሚገባው ድርሻ ስላልተሰጣቸው አገልግሎታቸውን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄዱ (ነህ. 13፥10-11)። ነህምያ የገሠጸው ጥለው የሄዱትን መዘምራን አልነበረም። የተቆጣው በሹማምንቱ ላይ ነው።

ይህን ክፍል ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በይፋግም ሆነ በባሕር ዳር የሚኖር ወጣት ዘማሪ አሳታሚ ደጅ ሳይጠና መዝሙሩን ራሱ አስቀድቶ በኢንተርኔት ለዓለም ሊያቀርብ ይችላል። መዝሙሩ ይሰማለታል። ከድካሙ ፍሬ ይበላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በአብዛኛው ያለው በእኛ በአድማጮቹ እጅ ነው።

ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻቸውን ተጫውተው አንድ የመሣሪያ ሙዚቃ ካሴት አወጡ። ካሴቱ በአገር ቤት ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ። እርሳቸውም በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ሆኑ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንኑ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ሰውየው የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ እንደገና የሚያሳትም ነው። ቀድቶ መሸጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው፤ ትርፉን እኩል ለመካፈልም ተስማሙ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታትሞ በኢንተርኔትም ተሸጠ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም አዲስ አልበም አወጡ።

ሥራው መዝሙር አይደለም። ትምህርቱ ግን ለመዘምራኖቻችንም ይሆናል። አንድ ካሴት ያለ ባለቤቱ ጥቅም ለዓመታት በገበያ ላይ ሊኖር ይችላል። አንድ ሰው ባለቤቱን ፈልጎ የሚገባውን ሲሰጠው ደግሞ የቆመ አገልግሎት ይነሣል።

ገበያው ተከፍቷል፤ ኬላው ግን አልጠፋም

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን የውጭ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ የጻፉለት ትልቅ ገበያ ነበረ። ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ ሲመጣ ግን ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላ ነበር። የኢንተርኔት ገበያም እንዲሁ ነው። ባንድካምፕ የተባለው መሸጫ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ሲዲ ቤቢ ሥራውን ለትልልቆቹ መሸጫዎች ሲያከፋፍል 9 በመቶ ይቆርጣል። በዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የመታየት ሰዓት፣ ወይም በአጫጭር ቪዲዮዎች በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ በውጭ ምንዛሪ የተገኘውን ክፍያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ መቀበል ራሱን የቻለ ድካም ነው።

በአገራችን ይህን ለማቃለል የተደረገ ሙከራ አለ። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ የመሠረቱት አውታር የተባለው የስልክ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንድ ዘፈን በ4 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ሙሉ አልበም በ15 ብር ይሸጥ ነበር። ኤልያስ ከጥቂት ወራት በኋላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በሞት ተለየ። እስቲ ሒሳቡን እንየው፦ በዚያ ዋጋ 1,000 ሰው አልበሙን ቢገዛ 15,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የመተግበሪያው፣ የቴሌ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች፣ የአቀናባሪውም ድርሻ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ሰው ገዝቶ ለ50 ሰው በቴሌግራም ሲልክ የሚጎዳው ሀብታም ኩባንያ አይደለም። የሚጎዳው የስቱዲዮ ዕዳ ያለበት ወንድማችን ነው።

ለዘማሪው

1. የሥራህን ባለቤትነት በጽሑፍ ያዝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለድምፅ ቅጂ አዘጋጅም የራሱ መብት አለው። ከግጥምና ከዜማ ደራሲ፣ ከአቀናባሪና ከስቱዲዮ ጋር "ወንድማማቾች ነን" ብለህ በቃል ብቻ አትለፍ። ወንድማማችነት የሚጸናው ነገሩ ግልጽ ሲሆን ነው።

2. ዋናውን ቅጂ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አስቀምጥ። በሰው ቻናል ላይ ከመጫንህ በፊትም ገቢው በማን ስም እንደሚገባና ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቅ።

3. የሌላውን መብት አክብር። የሌላ ሰው ዜማ ወስዶ በራስ ስም መሸጥ፣ ቃሉ መንፈሳዊ ስለሆነ ብቻ ስርቆትነቱ አይቀርም።

ለምእመናን

"በነጻ የተቀበልነውን በነጻ እንስጥ አልተባለም ወይ?" የሚል ወገን ይኖራል (ማቴ. 10፥8)። መልካም ጥያቄ ነው። ያንኑ ቃል የተናገረው ጌታ ግን ለሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃ. 10፥7)። ወንጌል አይሸጥም። ጉባኤም መዝሙሩን ሲዘምር ማንም ሒሳብ አይጠይቅም። ስቱዲዮው፣ መብራቱ፣ የመሣሪያ ተጫዋቹ ጊዜ ግን ገንዘብ የወጣባቸው ናቸው። ወጪውን ዘማሪው ብቻውን ይሸከም ማለት ስጦታ አይባልም፤ የሰጠው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንምና።

ሌላው "በደርግ ዘመን እኮ ካሴት እየገለበጥን ነው የኖርነው" ይላል። እውነት ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው መዝሙር በግልጽ በማይሸጥበት ጊዜ የብዙዎች እምነት ከቤት ወደ ቤት በሚዞር ካሴት ተጽናንቷል። ያ ግን የሚገዛበት መንገድ የጠፋበት ዘመን ነበር። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው። ለካርድ የማንሳሳውን ገንዘብ ለመዝሙር ስንጠየቅ የምንከለክልበትን ምክንያት እያንዳንዳችን በጌታ ፊት እንመርምር። የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮህ ያዕቆብ ጽፎልናልና (ያዕ. 5፥4)።

ምን እናድርግ? የመዝሙር ፋይል ሲላክልን ፋይሉን ከማስተላለፍ ይልቅ የሚሸጥበትን አድራሻ እናስተላልፍ። ዘማሪው በራሱ ቻናል ያወጣውን ከእርሱ ቻናል እንስማ፤ ገልብጠን በሌላ ቻናል አንጫን። የአጥቢያ ሽማግሌዎችም እንግዳ ዘማሪ ሲጋብዙ የመጓጓዣና የአገልግሎት ወጪውን አስቀድመው ያስቡ። ለዝማሬ የተጠሩትን በዝማሬያቸው እናቆያቸው። ጸጋ ይብዛላችሁ።