መጽሐፉን አትቁረጡባቸው

አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አግኝታችሁ "ልብ ወለድ ትማራላችሁ?" ብትሉት "አዎ" ይላችኋል። "እስካሁን ስንቱን ጨረሳችሁ?" በሉትና ፊቱን እዩት። ለእሱ ልብ ወለድ ማለት በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለች የገጽ ተኩል ቅንጭብ ናት። ከሥሯ "በምንባቡ መሠረት እውነት ወይም ሐሰት በማለት መልሱ" የሚል ትእዛዝ አለ፤ ቀጥሎ የቃላት ፍቺ፣ ቀጥሎ "የምንባቡ መልእክት ምንድን ነው?"። ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንዳለቀሰ፣ ነገ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም። ደወል ይደወላል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ትራፊክ አደጋ ነው። ይኼን ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ብለን መጥራት ብናቆም ጥሩ ነበር።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ምህንድስና ተምሬ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ነኝ። ጉዳዩ ግን እኔ ጠረጴዛ ላይም ይደርሳል። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ፤ ፈጣን ናቸው፣ ጎበዞች ናቸው። አሥራ አምስት ገጽ ሰነድ ስልክላቸው ግን መልሱ "በአጭሩ ምን ይላል?" ነው። አሁንማ እሱንም አይጠይቁኝም፣ ለቻትጂፒቲ ይሰጡታል። ስንፍና አይመስለኝም። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ነገር ሦስተኛው ገጽ ላይ ያነበቡትን ሊገለብጠው እንደሚችል ማንም አላሳያቸውም። በገጽ ተኩል ደግሞ ይህን ማሳየት አይቻልም።

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈራችን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው። እንግሊዝኛውን ይዤ በአማርኛ እየመለስኩ። የመረጥኩት የኤስ. ኢ. ሂንተንን "ዘ አውትሳይደርስ" ነው፤ "ባይተዋሮቹ" ብንለው ያስኬዳል። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዕድሜ ተማሪዎች ለዓመታት በክፍል ውስጥ ሲያነቡት የኖሩት መጽሐፍ ነው። ሂንተን ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ነው የጻፈችው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። በምትጽፍበት ዓመት በፈጠራ ድርሰት ትምህርት "ዲ" ማምጣቷን ራሷ ተናግራለች። (ልጆቹ ከመጽሐፉ ሁሉ በፊት የወደዱት ይህን ነው።)

ታሪኩ ስለ ሁለት የወጣት ቡድኖች ነው፤ ድሃዎቹ ግሪዘሮች፣ የሀብታም ልጆቹ ሶሾች ይባላሉ። ተራኪው ፖኒቦይ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እናትና አባቱ በመኪና አደጋ ሞተው ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ጋር ይኖራል። አንድ ሌሊት መናፈሻ ውስጥ ሶሾቹ ፖኒቦይን ውሃ ውስጥ ደፍቀው ትንፋሽ ሲያሳጡት ጓደኛው ጆኒ አንዱን በጩቤ ይገድላል። ሁለቱ ልጆች ሸሽተው አንድ የተተወ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይደበቃሉ። እዚያ ቀኑን የሚገፉት በምንድን ነው? አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጮክ ብሎ በማንበብ! ፖኒቦይ ያነባል፣ ጆኒ ይሰማል። ጆኒ ክፍል የደገመ፣ አስተማሪዎቹ ደደብ ነው ብለው የተዉት ልጅ ነው። በጥድፊያ የተጫነበት ነገር አይገባውም እንጂ ጊዜ ከተሰጠው ከጎበዙ ከፖኒቦይ የበለጠ ያስተውላል። ስንት ጆኒ በየክፍላችን የመጨረሻው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የሚያውቅ አለ? ምንባቡን አሥር ደቂቃ ውስጥ አንብቦ አምስት ጥያቄ መመለስ ያቃተው ሁሉ ማንበብ አይችልም ተብሎ አለቀለት።

ከሁሉ በላይ ልጆቹን ያጣላቸው ግን የቼሪ ነገር ነበር። ቼሪ የሶሾቹ ወገን ናት፤ የሞተው ልጅ ጓደኛዋ ነበር። ሆኖም እውነቱን ለመመስከር ፈቃደኛ ትሆናለች። "ሆስፒታል ሄደሽ ጆኒን ጠይቂው" ስትባል ግን እምቢ ትላለች፤ የገደለውን ልጅ ማየት አትችልም። አንዷ ተማሪ "ምስክርነት ከሰጠች ይበቃታል፣ ልቧን ማዘዝ አትችልም" አለች። ሌላው "እንግዲያው ምስክርነቷም የውሸት ነው" ብሎ ተነሳባት። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቀጠሉ። በመሃል አንዱ ልጅ "እኛ ሰፈርም እኮ እንደዚህ…" ብሎ ጀመረና ዙሪያውን አይቶ ተወው። ማንም አልገፋውም፣ እኔም አልገፋሁትም። ምን ሊል እንደነበር ግን እዚያ ቤት ውስጥ ያልገባው አልነበረም።

በዚህ አገር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ "እኛ" እና "እነሱ" የሚሰማው ከየት ነው? ከቲክቶክ ላይቭ፣ ከቤት ሹክሹክታ። ክፍል ውስጥ ርዕሱ አይነሳም፤ አስተማሪውም ይፈራል፣ አልፈርድበትም። ተልሳ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ጸጉራቸውን ቅባት ስለሚቀቡ ልጆች ማውራት ግን ማንንም አያስከስስም። ልጁ የራሱን ጉዳይ በሰው ስም ያስባል። ገጽ ተኩል ላይ የጆኒን ጩቤ ብቻ ቀንጭባችሁ ብታመጡለት "መልእክቱ ጥል መጥፎ ነው" ብሎ ይጽፍና እርማት ይደረግለታል፤ ያገኘውም ያ ብቻ ይሆናል።

አሜሪካ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። እዚያም የቡድን ጠብ፣ ሲጋራና መጠጥ አለበት እያሉ ይህንን መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ለማስወጣት የታገሉ ነበሩ። በየምዕራፉ የጥያቄ ወረቀት ጭነው ሕይወቱን የሚያወጡት አስተማሪዎችም አይጠፉም። ግን ደግሞ ይኼም አለ፦ ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ውስጥ ሎን ስታር በሚባል ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር ሆነው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ላኩ፣ ፊልም አድርገህ ሥራልን ብለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፊልሙ ወጣ። በቅንጭብ የተማረ ልጅ ለማን፣ ስለ ምን ደብዳቤ ይጽፋል?

"መጽሐፍ የለም፣ ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል ነው" ይባላል። እውነት ነው። ለዚህ መልሱ ግን አገር ቤት ካለ ቆይቷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ስንቱ ነው በዓይኑ ያነበበው? ብዙው ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚያውቃቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ሰምቶ ነው። አንድ ድምፅ፣ አንድ ቅጂ፣ የሚሰማው ግን አገር ሙሉ። ለአንድ ክፍል አንድ መጽሐፍና ማንበብ የማይሰለቸው አስተማሪ ይበቃል። የቄስ ትምህርት ቤቱም ቢሆን ልጁን ዳዊት የሚያስደግመው እስከ መጨረሻው ነው፤ ቁርኣን የሚቀራውም ልጅ ያኸትማል እንጂ ከየምዕራፉ ሁለት ሁለት መስመር አይቀምስም። ቅንጭብን ባህላችን ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ፣ የኔታ ግን አይደሉም።

"ጊዜ የለም፣ ክልላዊ ፈተና አለ" የሚለውስ? "ዘ አውትሳይደርስ" አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው አንድ ሴሚስተር ይበቃዋል። ለዚያ ጊዜ የገጸ ባሕርይን ዓይነቶች ትርጉም ማስጻፍ ይቅር፤ አንድም ገጸ ባሕርይ ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ ለማያውቅ ልጅ ትርጉሙ ምን ያደርግለታል? ወላጅ ስለ ጩቤው ቅር ይለዋል የሚል ካለ፣ ወላጁ መጀመሪያ የልጁን ስልክ ይክፈት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ሁለተኛ መጽሐፍ ጠይቀውኛል፤ "በአማርኛ የተጻፈ ይሁን፣ የኛ አገር ልጆች ይኑሩበት" ብለዋል። ከአባባ ተስፋዬ ተረት ወጥተው "ፍቅር እስከ መቃብር" እስኪደርሱ መሃሉ ላይ ምን ይዘው ይሻገሩ? መጽሐፍ ቤቶችን ዞርኩ። የልጆች ተረት አለ፣ የአዋቂ የፍቅር ታሪክ ሞልቷል፣ የሥነ ልቦና ምክር መደርደሪያውን ይዞታል። የዚህ መጽሔት ግማሹ አንባቢ ጸሐፊ ነው፤ ስለዚህ እዚሁ እጠይቃለሁ። ዋና ገጸ ባሕርይው አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት የሆነው፣ ማንም የማይመክርበት፣ ከሁለት መቶ ገጽ የማይበልጥ ወጥ ልብ ወለድ የሚያውቅ ይጠቁመኝ። የጻፈና መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ካለም ያምጣው፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ልጆች ይጠብቁታል።