መብራት ቢሄድም ብርሃን አለ



እኛ ዕጩ መምህራን ቃል ሸምድዶ በመያዝ የሚያህለን የለም። «ላይት ማይክሮስኮፕ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀን ቢኖር ትርጓሜውን እንደ ዳዊት እንደግምለታለን። ይሁን እንጂ ቃልን መሸምደድና የቃልን ትርጉም ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን የተረዳነው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን ተማሪዎች ፊት ቆመን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት አንድ ትምህርት ቤት የሽንኩርት ሕዋስ ለማሳየት ተሰናዳን። ስሱን የሽንኩርት ልጣጭ ስላይድ ላይ ዘርግተን፣ አንድ ጠብታ አዮዲን አድርገን፣ የማይክሮስኮፑን ሶኬት ሰካን። ሃምሳ ያህል ተማሪዎች ተሰለፉ። ገና አምስቱ እንዳዩ መብራት ሄደ! እኛም ሳናፍር «ልጆች፣ ይህ ላይት ማይክሮስኮፕ ስለሆነ ያለ መብራት አይሠራም፤ የቀራችሁት ሥዕሉን ከመጽሐፍ እዩ» አልን።

ይህን ጊዜ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ «ልጆቼ፣ የሄደው እኮ መብራት ነው፤ ፀሐይ የት ሄደች?» አሉን። ቁም ሣጥኑን ከፍተው ከታችኛው መደርደሪያ አንድ አሮጌ፣ ከሥሩ መስታወት ያለው ማይክሮስኮፕ አወጡ። አቧራውን ጠርገው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡትና መስታወቱን ወደ ደማቁ ሰማይ አዞሩት። «በሉ ኑ እዩ!» የሽንኩርቱ ሕዋሶች እንደ ጡብ ተደርድረው ቁልጭ ብለው ታዩ። ከተማሪዎቹ ኋላ ተሰልፈን ካዩት መካከል እኛው መምህር ተብዬዎቹ ነበርንበት።

ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ? ከቃሉ ነው። በአነጋገራችን «መብራት» ስንል አምፖሉም፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉም፣ የወር ሂሳቡም መብራት ነው። ስለዚህ «ላይት» የሚለውን ስንሰማ መብራት አልነው። ከመካከላችን አንዱማ «ላይት» ማለት ክብደቱ ቀላል ማለት ይመስለው እንደነበር ኋላ ነግሮናል። ሳቅንበት፤ ግን የእኛም ከሱ አይሻልም ነበር። ትክክለኛ ትርጉሙ ብርሃን ነው። ብርሃን ከፀሐይም፣ ከኩራዝም፣ ከአምፖልም ሊመጣ ይችላል፤ መሣሪያው ምንጩን አይመርጥም። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በቡሽ ውስጥ ያያቸውን ሕዋሶች በመጽሐፍ ያወጣው በ1665 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ አምፖል የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም!

«እንዲህ ከሆነ ለምን ዝም ብሎ ማይክሮስኮፕ አልተባለም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመምጣቱ በፊት «የማገዶ ምጣድ» ይባል ነበር እንዴ? ምጣድ ምጣድ ነበር። ማይክሮስኮፕም እንዲሁ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሲፈለሰፍ የቀድሞውን ከአዲሱ ለመለየት «የብርሃን» የሚል ቅጥያ አስፈለገ። ይኸውም ቅጥያው መሣሪያው በምን እንደሚያይ ይነግረናል ማለት ነው።

በምን እንደሚያይ ካወቅን ደግሞ ምን ማየት እንደማይችል እናውቃለን። የዓይኑ ሌንስ 10 ጊዜ፣ የታችኛው ሌንስ 40 ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ በድምሩ 400 ጊዜ ያጎላል፤ የታችኛው 100 ሲሆን 1000 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ቢያጎሉት ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ምክንያቱም ብርሃን ራሱ ሞገድ ስለሆነ፣ ከ200 ናኖሜትር ገደማ ይበልጥ የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ሊያሳየን አይችልም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ ምርመራው በዚህ ማይክሮስኮፕ ሳይሆን የቫይረሱን ዘረመል በመፈለግ የተካሄደው በከንቱ አይደለም፤ ቫይረሱ 100 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው።

የኛው ጉለሌ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ፓስተር የምንለው ሠፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ በዚያው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ስሙን ሲሰማ የሃይማኖት ሰባኪ የሚመስለው ልጅ ግን አይጠፋም። ሉዊ ፓስተር በማይክሮስኮፕ ረቂቅ ተሕዋስያንን የመረመረ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት መሆኑን ካልነገርነው ከየት ያውቃል? ሆዱን ታሞ «አሜባ ነው» የተባለ፣ ደሙ ተወስዶ «ወባ ነው» የተባለ ብዙ ሰው የብርሃን ማይክሮስኮፕን ፍርድ ሰምቷል። የወባ ተሕዋስ የሚታየው ደሙ ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ በጊምዛ ቀለም ተነክሮ፣ በዘይት በሚሠራው የ100 ሌንስ ነው። ይህን የሚያደርጉት ባለሙያዎች አንድ ቀን ተማሪዎች ነበሩ። የነገዎቹም ዛሬ የሚማሩት ከእኛ ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ «የብርሃን ማይክሮስኮፕ» እንበል፤ «ላይት» የሚለውንም ከነትርጉሙ እናስተምር። «አጉሊ መነጽር» የሚለውን ስም ግን በእጅ ለሚያዘው ባለ አንድ ሌንስ እንተውለት። ሁለቱን በአንድ ስም ስንጠራ ልጁ ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም የሳይንስ ዕጩ መምህር ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት መስታወት ባለው ማይክሮስኮፕ፣ በመስኮት ብርሃን መሥራቱን በተግባር ያሳይ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መስታወቱ ወደ ሰማይ እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አይዞርም፤ ዓይን ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ቁም ሣጥኖች ይከፈቱ። «ቢሰበርስ? ማን ይጠየቃል?» የሚባለው ስጋት ይገባናል፤ ንብረት የተረከበ ሰው መፍራቱ አይፈረድበትም። ነገር ግን ተቆልፎበት የሚኖር ማይክሮስኮፕ ከተሰበረው በምን ይሻላል? የሚያስፈራው ልጆቹ መንካታቸው ሳይሆን አያያዙን ሳይማሩ መንካታቸው ነው።

«ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ በትርጉም ምን አደከማችሁ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። «አሁን እኮ ሁሉም በስልክ ይታያል» የሚሉም አሉ። ለመጀመሪያዎቹ መልሳችን፣ እኛም የእንግሊዝኛውን ፈተና አልፈን ነው ሃምሳ ተማሪዎች ፊት የተሳሳትነው የሚል ነው። ለሁለተኞቹ ደግሞ፣ በስልክ የሚታየው ሌላ ሰው ያየው ነው። ገዛ እጁ በላጠው ሽንኩርት ውስጥ ሕዋስ ያየ ልጅ ግን ማንም ሊያስክደው አይችልም እንላለን።

የዚያን ዕለት ትምህርቱን ያዳኑት ትርጓሜውን የሸመደድነው እኛ አይደለንም፤ ብርሃንን ከመብራት የለዩት እትዬ ናቸው። ምስጋናችንን እዚህ ላይ ስናቀርብ፣ ወደፊት በምንመደብበት ሁሉ መብራት ሲሄድ ትምህርቱ አብሮ እንዳይሄድ ቃል እንገባለን።

ከተፈጥሮ ሳይንስ ዕጩ መምህራን