ከማውጫው የጎደሉት ባለሙያዎች

በየምግብ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠውን የኢትዮጵያውያን የንግድ ማውጫ የገለጠ ሰው ጠበቃ አያጣም። ግብር የሚሠራ፣ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ጥርስ የሚያክም፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ ሁሉም ከነፎቶግራፉና ከነስልኩ ተደርድሯል። የዘረ-መልን ጽሑፍ በኮምፒዩተር የሚመረምር ወገን የት ከተማ እንዳለ፣ በወባ ይሁን በጤፍ ወይስ በካንሰር ላይ እንደጠለቀ ማወቅ የፈለገ ሰው ግን ማውጫውን እስከ ጀርባው ቢያገላብጥ አንድም ስም አያገኝም። እናቱ እንኳ «ኮምፒዩተር ነው መሰለኝ የሚሠራው» ከማለት አታልፍም።

ሙያው ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ንባብ ነው። የአንድ ሰው ዘረ-መል ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው ጽሑፍ ሲሆን የፊደሉ ዓይነት አራት ብቻ ነው። ማሽኑ ጽሑፉን ቆራርጦ ነው የሚያወጣው። ቁርጥራጩን ገጣጥሞ፣ ከሌላው ጋር አስተያይቶ፣ የትኛው ፊደል እንደተለወጠና ለውጡ ምን እንደሚያመጣ የሚናገረው የዚህ ሙያ ሰው ነው። ደም መቅዳትና ዘር መሰብሰብ ብዙ ሰው ይችላል። አንባቢው ነው ጥቂት።

በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካን ነገር መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1996፣ አፓርታይድ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው የዘር መድልዎው መንግሥት «ክልስ» ብሎ ለመደባቸው ዜጎች ለብቻቸው የከፈተው ነበር። ዛሬ ሙያው በየከተማው ተከፋፍሏል። የዛፍና የተክል በሽታ ጥያቄ ያለው ወደ ፕሪቶሪያ ይሄዳል፤ የባሕር ዛፍ ዘረ-መል እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ጥናቱን ከመሩት መካከል የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል። (የአዲስ አበባን ማገዶና አጥር ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም።) የስኳርንና የደም ግፊትን በሽታ ከአፍሪካውያን ዘረ-መል ጋር አያይዞ የሚያጠናው ጆሃንስበርግ፣ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ኒኮላ ሙልደር የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በርካታ የአፍሪካ አገሮችን የሚያገናኝ መረብ ዘርግቶ ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። ደርባን ደግሞ በቫይረስ የታወቀች ናት።

የዚህ ክፍፍል ጥቅም በኮሮና ዘመን ታየ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ኋላ ቤታ የተባለውን የቫይረስ ዝርያ ትውልደ ብራዚላዊው ቱሊዮ ዲ ኦሊቬይራ የመሩት ቡድን ለዓለም አስታወቀ። በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን ሲመጣም የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ባለሙያዎች ያነበቡትን ሳይውሉ ሳያድሩ ተናገሩ። ምስጋናው የበረራ እገዳ ነበር፤ ይኸ የራሱ ንዴት አለው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። ናሙናው ግን ተጠቅልሎ ወደ አውሮፓ እስኪላክና መልስ እስኪመጣ የጠበቀ የለም። ለማን እንደሚደወል ይታወቅ ነበር።

ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የሉም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት በጠረፍ አካባቢ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረዋል። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ-መል ከአንዳንዱ ተውሳክ ላይ መጥፋቱን አገኙ። በግምታቸው ከመቶ የፋልሲፓረም ወባ በሽተኛ ወደ አሥር የሚጠጋው «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። የጤፍን ዘረ-መል ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ቡድን የሠራው በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የጤፍ ፕሮጀክቱን ይመሩ የነበሩት ዘሪሁን ታደለ ናቸው። የተነበበውም ዝርያ ፀዳይ የተባለው ነበር። ሰው አለ እንግዲህ። አንዱ በርን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሆኖ ተበትኗል።

መበተኑ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት የሞጣን ነገር ማስታወስ ነው፤ የጎጃሙን ሳይሆን በጋሞ ደጋ ያለውን የሞታ ዋሻ። ከዚያ ዋሻ አፅሙ የተገኘው ሰው የኖረው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው፤ አግኚዎቹ በጋሞኛ «ባይራ»፣ የበኩር ልጅ ብለውታል። ዘረ-መሉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲወጣ ዓለም አጨበጨበ። ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ከእስያ ወገን የተመለሱ ሰዎች ደም በመላ አፍሪካ እስከ ኮንጎ ጫካ መድረሱ ተጻፈ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2016፣ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ። ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እንዲግባቡ መደረግ የነበረበት አንድ እርምጃ ተዘሎ ኖሮ ብዙ ፊደል ከስሌቱ ወድቋል። «በመላው የአፍሪካ አህጉር» ይል የነበረው የጥናቱ ርዕስ «በምሥራቅ አፍሪካ» ተብሎ ተስተካከለ። ባይራ ከዛሬዎቹ አሪዎች ጋር ያለው ቅርበት ግን አልተነካም።

ስህተት የሰው ነው፤ ጸሐፊዎቹም ሳይደብቁ ማረማቸው ያስመሰግናቸዋል። ጉድለቱን ያገኙት ግን የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ናቸው። አፅሙ የኢትዮጵያ፣ ዋሻው የኢትዮጵያ፣ መረጃውም ለማንም የተከፈተ ነበር። ማን ከየት መጣ፣ ማን ነባር ማን መጤ ነው የሚለው ክርክር በየቡና ቤቱ ወንበር የሚያስነሳ፣ አገር ቤት ደግሞ ደም የሚያፋስስ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በወጣ በሳምንቱ ገልጦ «ይኸ ቁጥር አይገጥምም» የሚል ስብስብ መኖር አልነበረበትምን? የተበተነ ሰው ለብቻው ይጠረጥር ይሆናል፤ የሚጠይቀው ጓደኛ ከሌለው ግን ጥርጣሬው ከጠረጴዛው አያልፍም።

ስም ይመዝገብ ሲባል ስደተኛው የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በስም ዝርዝር ብዙ ሰው ተለቅሟል። በውጭ አገርም ማኅበር ሲመሠረት የአባላቱ መዝገብ ውሎ ሳያድር የፓርቲ ወይም የብሔር መቁጠሪያ ሆኖ ሲገኝ ታይቷል። ለዚህ መፍትሔው መጠየቅ የሌለበትን አለመጠየቅ ነው። የትውልድ ቦታ፣ ድርጅት፣ ሃይማኖት አያስፈልግም። የፈቀደ ሰው ስሙን፣ የሚሠራበትን ከተማ፣ የጠለቀበትን ጉዳይ ይስጥ፤ ጤፍ፣ ወባ፣ ቲቢ፣ የጥንት አፅም። በወር አንድ ማታ ከአገር ቤት ተማሪ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን ቢጨምርበት ደግሞ እሰየው ነው።

በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ ጁላይ በሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር ላይ ቲሸርት፣ ካሴትና ቆሎ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ሞልቶ ኖሯል፤ ዛሬ ካሴቱ ቀርቶ ስልክ ካርዱም እየቀረ ነው። በተለቀቀው ቦታ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ደብተርና ሁለት ወጣት ይቀመጡ። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒዩተር ይማር ወይስ ሕክምና እያለ የሚጨነቅ ወላጅም በዚያው አልፎ ይጠይቃቸው።