ሱሪው ላይ የሸናን ሕፃን አትግረፉ!
የትናንት ተማሪዎቼ ዛሬ ወልዳችኋልና "መምህር ምን አገባው?" እንዳትሉኝ። ፖፖ የለመደ የ3 ዓመት ልጅ ተመልሶ ሱሪው ላይ ሲሸና "አውቆ ነው" ብሎ አለንጋ ማንሳት ምን ይሉታል? ታናሽ ሲወለድ፣ ቤት ሲቀየር፣ ሆዱ ሲደርቅ ሕፃን የለመደውን ይተዋል። እዚህ ደግሞ ፎገራ ነን! ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ትልቁም እንቅልፍ ያጣል፤ እንኳን እሱ። ያን ጨለማ ጉድጓድ፣ የሚነቃነቅ እንጨት ረግጦ መቀመጥ እናንተስ አትፈሩም? "አያ ጅቦ መጣልህ" ትሉታላችሁ ደግሞ! የተገረፈ ልጅ ሰገራውን ይይዛል፤ ሲይዘው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያመዋል፣ ሲያመው ጭራሽ ይሸሻል። ጎረቤት ፊት ማሳፈሩማ ከዱላው ይብሳል። ፖፖውን አልጋው አጠገብ መልሱለት። ማታ ማታ መሽናት እስከ 5 ዓመት ያለ ነው። ሲሸና ካለቀሰ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አለንጋው ለበሬው ይቆይ።