ዕዳ አለብን

የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። ከፊሎቻችን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ፣ ከፊሎቻችን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንማራለን። ስንገናኝ «የናንተ ተረት ነው»፣ «የናንተ ደግሞ ቁጥር ብቻ» እየተባባልን እንቀላለዳለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ሁላችንም አንድ ጥፋት እናጠፋለን። ዛሬ ስለዚያ ጥፋት ሳንሸፋፍን እንነጋገር።

ከመካከላችን አንዱ የታሪክ ተማሪ ወደ ትውልድ ቀዬው ወርዶ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሽማግሌው ሥራቸውን ፈትተው፣ ቡና አስፈልተው፣ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛ ሳሉ ከአዝመራቸው ምን ያህሉን ለባለመሬቱ ያስረክቡ እንደነበር አንድ በአንድ አጫወቱት። ሲለያዩ፣ «ስትጨርስ መጥተህ ታነብልኛለህ አይደል ልጄ?» አሉት። «እሺ አባባ» አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፣ ተጠረዘ፣ ጥሩ ማርክ አገኘ። ሽማግሌው እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ።

የኬሚስትሪው ጓደኛችን ደግሞ ከአቃቂ ወንዝ ውኃ ቀድቶ ወደ ላብራቶሪ ወሰደ። በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ እናት፣ «ምን አለበት? ይጎዳል ወይ?» ብለው ጠየቁት። «ውጤቱ ሲመጣ እነግርዎታለሁ» አላቸው። ውጤቱ መጣ፤ በሠንጠረዥ ሰፈረ፤ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እናትየዋ ምንም ሳይሰሙ በዚያው ውኃ ያጠጣሉ።

የጽሑፎቻችን መዝጊያ እኮ ሁሌም አንድ ነው፤ «የሚመለከተው ክፍል ትኩረት ይስጥበት።» ለመሆኑ ይህ የሚመለከተው ክፍል ማነው? ጎመኑን የሚበላውን አይመለከተውም? ታሪኩ የራሳቸው የሆነውን ሽማግሌስ?

«ይሄ እኮ መለማመጃ ነው፤ ከለማጅ ምን ይጠበቃል?» የሚሉን አሉ። አንቀበልም! እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመውን የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ምንጮች የተመለከተ ሰው፣ ያልታተሙ የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፎችን እዚያ ያገኛል። ለማጅ የለቀመው ለታላቅ መጽሐፍ ግብዓት ሆኗል ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ላብራቶሪው ያረጋገጠው ወንዝ ዳር የታየውን ነው። ሳይንሱም ታሪኩም መነሻው ከሕዝብ እጅ ነው። ታዲያ የተቀበለ አይመልስም?

ራሳችንንም አንምርም። ከኛ መካከል በገንዘብ የሚያስጽፍ፣ ያምናውን ጽሑፍ ርዕሱን ለውጦ የሚያስገባ አለ። ለምን? ማንም እንደማያነበው ስለሚያውቅ ነዋ! ሽማግሌው ፊት ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ ይዞ አይሄድም። አንዲት ነገር ቢያዛንፍ፣ «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም!» ይሉታል። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ ከየት ይመጣል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሳይንስም ይሁን የሌላው፣ አንድ ገጽ ይጨመርበት። ያቺ ገጽ ቃሉን ወይም ውኃውን በሰጠው ሰው ቋንቋ ትጻፍ፤ አማርኛም ኦሮምኛም ትግርኛም ይሁን። ተማሪው ራሱ ወስዶ ያንብባት፤ አንድ ቅጂም በአካባቢው ትምህርት ቤት ትቀመጥ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ የአውቶቡስ መሳፈሪያና ትንሽ እፍረት ይበቃል።

መመሪያ እስኪወጣ አንጠብቅ። የዘንድሮ ተመራቂዎች እንጀምረው። ያ የታሪክ ተማሪ ጓደኛችንም ቶሎ ይሂድ፤ ሽማግሌው አርጅተዋል።